በብስክሌት ዳገት ስትወጡ ድካሙን ከሕመም እንዴት ትለያላችሁ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ጠያቂው የ44 ዓመት ሰው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ከጎባ ተነስተን፣ የሳነቴን አምባ አቋርጠን፣ በሐረና ጫካ በኩል ደሎ መና ድረስ በብስክሌት ለመሄድ አስበናል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እየወጣን እንለማመዳለን። የኔ ችግር ዳገት ነው። ትንፋሼ ቶሎ ይቆራረጣል፤ አንዳንዴም ደረቴን ጨምደድ ያደርገኝና ስቆም ይተወኛል። የትኛውን ቫይታሚን ብወስድ ይሻላል?»

ቫይታሚኑን እናቆየው። በዚህች አጭር መልእክት ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ። «ትንፋሼ ይቆራረጣል» የሚለው በልምምድ፣ በማርሽ፣ በምግብና በትዕግሥት የሚስተካከል ነገር ነው። «ደረቴን ጨምደድ ያደርገኛል፤ ስቆም ይተወኛል» የሚለው ግን ሳይመረመር አንድም ዳገት መውጣት የሌለበት ሰው ንግግር ነው። ለጠያቂው ይህንኑ ወዲያው ጽፌለታለሁ። ለሌሎቻችሁ ሁለቱንም ላስረዳ። ብስክሌት ባትነዱ እንኳ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በእግራችሁ የምትወጡ ሰዎች ይጠቅማችኋል።

ዳገት ሰውነታችን ላይ ምን ያደርጋል?

ሜዳ ላይ ብስክሌት ስንነዳ ዋናው ተቃዋሚያችን ንፋስ ነው። ዳገት ላይ ተቃዋሚያችን የራሳችን ክብደት ይሆናል። እስኪ እናስላው። ነጂው 70 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 14 ኪሎ፣ ቦርሳና ውሃው 6 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 90 ኪሎ ነው። ይህን 90 ኪሎ 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ሰውነታችን 900 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ጡንቻ ካቃጠለው ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ነው፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ነው ብርድ ላይም በላብ የምንጠመቀው።

ጎባ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትርን ያልፋል፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ስለዚህ ከጎባ እስከ አምባው ወደ 1,300 ሜትር ሽቅብ አለ ማለት ነው፤ ለማንሻው ብቻ ወደ 1,200 ኪሎ ካሎሪ። ጠጠሩ፣ ጭቃውና ንፋሱ ሳይቆጠር። ጡንቻና ጉበታችን ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር በአብዛኛው ሰው ከ400 እስከ 500 ግራም ነው፤ ይህም ቢበዛ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ነው። አያችሁ አይደል? ጠዋት ሻይ በዳቦ ብቻ ቀምሶ የተነሳ ሰው ከአምባው በታች «ባትሪዬ አለቀ» ቢል አይገርምም።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ብዙ ሰው «እላይ ኦክስጅን የለም» ይላል። የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ቀንሷል። ሳነቴ ላይ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ እንጦጦ ላይ «የኔ ፍጥነት» ብላችሁ የያዛችሁት ፍጥነት ሳነቴ ላይ የእናንተ አይደለም፤ እሱን ልጠብቅ ካላችሁ ልባችሁ ነው ልዩነቱን የሚከፍለው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ግሩም ልምምድ ነው፤ ከዚያ ጫፍ በኋላ ግን ሳነቴ ገና ወደ 1,000 ሜትር ሽቅብ ይቀረዋል።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

ዳገት ሲጀመር ሁላችንም ጀግና ነን። እግር አልደከመም፣ ጓደኛ ያያል፣ ሙዚቃውም ጆሮ ላይ አለ። ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል።

ጡንቻ ሥራ ሲጀምር ልብና ሳንባ ወዲያው አይደርሱለትም። የሚፈለገውን ኦክስጅን ለማቅረብ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። በዚያ ክፍተት ጡንቻው ያለ በቂ ኦክስጅን፣ በችኮላ ስኳር እያቃጠለ ይሠራል። ይህ እንደ ብድር ነው። ቀስ ብላችሁ ከጀመራችሁ ብድሩ ትንሽ ስለሆነ በመንገድ ላይ ትከፍሉታላችሁ። በኃይል ከጀመራችሁ ግን ዳገቱ ገና ሳይጋመስ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ጭን ይቃጠላል፣ ከዚያ በኋላ ፍጥነት ብትቀንሱም ቶሎ አይመለስላችሁም። (በነገራችን ላይ በማግስቱ የሚሰማን የጡንቻ ሕመም «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ» አይደለም። እሱ በሰዓት ውስጥ ይጸዳል። የማግስቱ ሕመም ጡንቻው ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው። ማሳጅ ቤቶች ይቅር ይበሉኝ።)

ታዲያ ልክ የሆነው ፍጥነት ስንት ነው? ውድ ሰዓት አያስፈልጋችሁም። አጠገባችሁ ላለው ሰው «ዛሬ ምሳ ሽሮ ነው ወይስ ምስር የምንበላው?» ብላችሁ ሳታቋርጡ መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። መዝፈን ከቻላችሁ ትንሽ መጨመር ትችላላችሁ። «ዛሬ… ምሳ…» እያላችሁ ቃል በቃል የምትተነፍሱ ከሆነ ግን ለረጅም ዳገት ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ። ይህ የንግግር ፈተና ቀልድ አይደለም፤ የልብ ታካሚዎች ወደ ስፖርት ሲመለሱም የምንጠቀምበት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ከፍታው ሲጨምር ራሱ ያስተካክላችኋል። 3,800 ሜትር ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለመናገር የግድ ዝግ ማለት አለባችሁ።

የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ያላችሁ ተጠቀሙበት፣ አልከለክልም። ግን ለደም ግፊት ወይም ለልብ ምት እንደ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የሰዓቱ ቁጥር ያታልላችኋል። እነዚህ መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙት ሞታችሁ እየወጣችሁም ሰዓቱ «ቀላል ልምምድ» ሊላችሁ ይችላል። ለእናንተ የንግግር ፈተናው ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወርዶ መግፋት። የእኛ ሰው ብስክሌት መግፋትን እንደ ሽንፈት ያየዋል። በጣም ቀጥ ባለ ጠጠር ላይ እየተንገዳገዳችሁ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ከመንዳት፣ ወርዶ በ4 ኪሎ ሜትር መግፋት ልብን ያሳርፋል፣ የጭን ጡንቻን ይቀይራል፣ የምታጡት ጊዜም ከቁጥር አይገባም። በረጅም ጉዞ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳያፍሩ ይገፋሉ።

ስለ ብስክሌቱ ጥቂት

መካኒክ አይደለሁም፤ ክሊኒክ ከሚያመጡ ነገሮች አንጻር ብቻ ልናገር።

አብዛኛው የፊት ጉልበት ሕመም የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፦ ኮርቻው ዝቅ ብሎ መቀመጡና በከባድ ማርሽ መርገጥ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ የፊት ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ በትንሹ ይታጠፋል፤ ልኩ ይሄ ነው። ማርሹን ደግሞ ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሩ። ከፊት ትንሹ ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ። ዳገት መሐል ገብቶ በሙሉ ኃይል እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል፤ ካቴና ሲበጠስ ደግሞ ሰው በደረቱ መሪው ላይ ይወድቃል። እንዲህ ሆኖ የጎድን አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው አክሜያለሁ።

ጠጠር ላይ ቆሞ መርገጥ የኋላውን ጎማ ያንሸራትታል። ተቀመጡ፣ ወደ ኮርቻው ጫፍ ሳብ በሉ፣ ክርናችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁን ወደ መሪው ዝቅ አድርጉ። እንዲህ ሲሆን የፊቱም ጎማ አይነሳም፣ የኋላውም አይንሸራተትም። ዓይናችሁን ከጎማው ሥር ካለው ድንጋይ አንስታችሁ ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት ጣሉ። ቀጥ ያለ ቦታ ሲመጣ ደግሞ ትንፋሽ አትያዙ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ቋጥሮ ይገፋል፤ ይህ የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያስፈነጥራል። በአፍ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ፤ ማስገባቱ ራሱ ይመጣል።

ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ?

ለረጅም ዳገት በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣችኋል። ከውጭ የሚመጣው በፕላስቲክ የታሸገ ጄል መጥፎ አይደለም፤ ዋጋው ግን ያስቃል። እኛ በሶ አለን። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ክብደቱ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ ከግማሹ በላይ ካርቦሃይድሬት። አያቶቻችን ስንቅ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ ጠርሙስ ውስጥ ያዙት፤ ቀጠን ይበል እንጂ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይደፈናል። ቴምርና ማር የተቀባ ዳቦም ጥሩ ናቸው። ቆሎ ግን ለዕረፍት ሰዓት ይቆይ፤ ትንፋሽ አጥሮን ቆሎ ስናላምጥ ትን ይለናል። ባሌ ስትደርሱ ጭኮ ይቀርብላችኋል፤ ብሉ፣ እጅግ ይጣፍጣል። ቅቤው ስለሚበዛ ግን ከሆድ ቶሎ አይወጣም፤ ማታ ነው የሚሻለው።

የሚራባችሁን ጊዜ አትጠብቁ። ከተነሳችሁ ከ30 ወይም 40 ደቂቃ ጀምሮ ትንሽ ትንሽ ቅመሱ። ራስ ሲቀልል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ ሳያስቡ መነጫነጭ ሲመጣ ዘግይቷል።

ውሃ ለአብዛኛው ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ ሙቀትና ላብ ሲበዛ ይጨምራል። ጥማችሁን ተከተሉ። «ብዙ ውሃ ጠጡ» የሚለው ምክር ልክ ሲያጣ ጉዳት አለው፤ ለሰዓታት እያላቡ ባዶ ውሃ በላይ በላዩ መጋት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያወርዳል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ግራ መጋባት ነው፤ ውሃ ጥም ነው ብሎ ጓደኛ ተጨማሪ ውሃ ሲያጠጣ ይብሳል። በሶው ውስጥ ጨው ጣል አድርጉ ያልኩት ለዚህም ነው።

ጾም ላይ ላላችሁ። የዐቢይ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ረጅም ዳገት ጠዋት ላይ በባዶ ሆድ አትሞክሩ። ከመፍቻ በኋላ አጭር ልምምድ አድርጉ፤ ትልቁን ጉዞ ከፋሲካ በኋላ ያዙት። ሳነቴ የትም አይሄድም። ረመዳን ላይም እንደዚሁ፦ ከኢፍጣር በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ሜዳ ንዱ፤ ዳገቱ ይቆይ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ የስኳር ሕሙማን ግን ጾምና ዳገትን በፍጹም አታገናኙ። በጾም ባትሆኑም የመድኃኒት መጠናችሁ ለጉዞው ቀን መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ የት እንዳለ ጓደኛችሁም ይወቅ።

ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን «እንዳያመኝ» ብሎ ከመነሳት በፊት መዋጥም ልማድ ሆኗል። ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳል። ተዉት።

አሁን ወደ ደረቱ እንምጣ

ዳገት እኛ ሐኪሞች ከፍለን የማናገኘው ምርመራ ነው። ታካሚን «ስንት ፎቅ ሳታርፍ ትወጣለህ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ተቀምጦ ደህና የሆነ ልብ ዳገት ላይ እውነቱን ይናገራል።

ጤናማ ድካም ምን ይመስላል? ትንፋሽ ይበዛል፣ ልብ ይመታል፣ ጭን ይቃጠላል፤ ስትቆሙ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሹ ይረጋጋል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት ያው ዳገት ይቀላል። ይህ ከሆነ ግፉበት።

የልብ ደም ስር መጥበብ ግን ሌላ ጸባይ አለው። ልብ ብዙ ሲሠራ ብዙ ደም ይፈልጋል፤ ስሩ ከጠበበ የሚፈልገውን አያገኝም፤ ያኔ መሐል ደረት ላይ መጨምደድ፣ መጫን፣ መጥበብ ወይም ማቃጠል ይመጣል። ወደ መንጋጋ፣ ወደ ትከሻ ወይም ወደ ግራ ክንድ ሊሄድ ይችላል። ስትቆሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይተዋችኋል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ መተዉ ነው። «ቆምኩ፣ ተወኝ፣ እንግዲህ ድካም ነው» ይላል። በተቃራኒው ነው፤ በሥራ መጥቶ በዕረፍት የሚሄድ የደረት ሕመም ዋናው የልብ ምልክት ነው።

አንድ ታካሚ ነበረኝ (ማንነቱ እንዳይለይ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ከሲጋራ ከወጣ ጥቂት ዓመታት የሆነው፣ በሳምንት ሁለቴ ብስክሌት የሚነዳ፣ ሸንቃጣ ሰው። እንጦጦ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ሲደርስ ደረቱ ላይ ያቃጥለው ነበር። ጓደኞቹ «ጨጓራ ነው፣ በርበሬ ቀንስ» አሉት። ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ወሰደ። እኔ ጋ የመጣው ሚስቱ ጎትታው ነው፤ ያ ቃጠሎ ከዚያ ቦታ ወርዶ አሁን የቤታቸው ደረጃ ላይ መጀመሩን ያስተዋለችው እሷ ናት። ተኝቶ የተነሳው ኢሲጂ ደህና ነበር። ትሬድሚል ላይ እያራመድን ስንመረምረው ግን አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ኢሲጂው ተቀየረ። ዋናው የልብ ደም ስሩ በጣም ጠብቦ ተገኘ፤ ታከመ፤ አሁን ይነዳል። ጨጓራ ዳገት አያውቅም። ምግብ ስትበሉ ወይም ስትራቡ የሚመጣ ቃጠሎ የጨጓራ ሊሆን ይችላል፤ ፔዳል ስትረግጡ መጥቶ ስታቆሙ የሚሄድ ግን ልብ እንጂ ሌላ አይደለም ብላችሁ ገምቱና ተመርመሩ። ዕረፍት ላይ የተነሳ ኢሲጂ ደህና መሆኑ ብቻውን አያረጋጋም።

ወጣቶች ደግሞ «የልብ ሕመም የሽማግሌ ነው» ትላላችሁ። እኛ አገር አይደለም። በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የቶንሲል ወይም የጉሮሮ ሕመም፣ ከዓመታት በኋላ የልብ በሮችን አጥብቦ ወይም አበላሽቶ ይገኛል። ሪዩማቲክ የልብ ሕመም እንለዋለን። በሩ የጠበበ ልብ ቀስ ብሎ ሲመታ ይችላል፤ ዳገት ላይ ምቱ ሲፈጥን ግን ለመሙላት ጊዜ ያጣል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የ22 ዓመት ልጅ እኩዮቿ እያወሩ የሚወጡትን ዳገት እሷ ሦስት ጊዜ ቆማ ከወጣችው፣ ማታ ሁለት ትራስ ከፈለገች፣ ወይም ልቧ ያለ ሥርዓት የሚመታ ከመሰላት «ስፖርት ስለማልሠራ ነው» አትበል። የልብ አልትራሳውንድ፣ ኢኮ የምንለው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያሳያል።

በልምምድ መሐል (ከቆሙ በኋላ ሳይሆን እየሠሩ ሳለ) ራስን መሳት፣ ወይም በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው መኖሩ፣ ሁለቱም ብስክሌቱን አስቀምጦ መመርመርን የሚጠይቁ ናቸው። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ሆኖ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል ወይም ሲጋራ ካለ ከትልቅ ጉዞ በፊት አንድ ጊዜ ታዩ።

አንዳንዱ የትንፋሽ ማጠር ቀላል መልስ አለው። የደም ማነስ፣ በተለይ የወር አበባ የሚበዛባቸው ሴቶች ላይ፣ ዳገት ላይ መጀመሪያ ይታወቃል፤ የደም ምርመራ ይበቃዋል። አስም ያለባችሁ ሰዎች ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ይቀሰቅስባችኋል፤ ሐኪም ካዘዘላችሁ ሳልቡታሞሉን ከመነሳታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ውሰዱ፤ መንገድ ላይም ጃኬት ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ልክ አይሠራም።

ሕመሙ ቆማችሁም ከአሥር ደቂቃ በላይ ካልተወ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የሞት ፍርሃት ከመጣ፣ የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ደም ስር መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ሰውየውን አስቀምጡት፣ አታስኬዱት። የአስፒሪን አለርጂ ወይም የደም መፍሰስ ችግር ከሌለበት 300 ሚሊ ግራም አስፒሪን አላምጦ ይዋጥ፤ በመኪና ወደ ሆስፒታል። ስኳር ያለባቸውና ሴቶች ላይ የደረት ሕመሙ ላይጎላ ይችላል፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና ማላብ ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ሳነቴ ላይ የሚጨመረው

የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እንደደረሱ አይጀምርም፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የት ወጣችሁ ብቻ ሳይሆን የት አደራችሁ ነው። ከጎባ ማልዶ ተነስቶ፣ አምባውን ተሻግሮ፣ የዚያኑ ቀን ወደ ሪራ ወርዶ ማደር ከሕክምና አንጻር ጥሩ ዕቅድ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት አምባው ላይ ድንኳን መትከል ጥሩ አይደለም። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከደሎ መና ተነስቶ መውጣት ደግሞ ከ1,500 ሜትር በታች ካለ ቆላ እስከ 4,000 በላይ ነው። ያንን በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ አይሆንም ነው፤ ሪራ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ይደር።

አዲስ አበባ የምትኖሩ 2,300 ሜትር ላይ ስለለመዳችሁ ትንሽ ቀድማችኋል። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከድሬዳዋ የምትመጡ ግን «ተወልጄ ያደግኩት ደጋ ነው» አትበሉ፤ ሰውነት ከፍታን የሚላመደው በቀናት ነው፤ የለመደውንም ከወረዱ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይረሳል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት አራት ቀን፣ ጎባ ላይ ሁለት ሌሊት ብታደርጉ ይሻላል። መከላከያ መድኃኒት አለ፣ አሴታዞላማይድ ይባላል፤ ለሁሉም ሰው አይደለምና ሳትጠይቁ ከፋርማሲ አትግዙ።

ሁለት ምልክት ግን አይጠበቅም። አንደኛው፦ ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ወይም ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መሥመር መራመድ አቅቶት እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ፣ አንጎሉ ውሃ እየያዘ ነው። ሁለተኛው፦ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲያስል አረፋ ወይም ሮዝ አክታ ከወጣ፣ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። ለሁለቱም ሕክምናው መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር፣ ከተቻለ በመኪና። «እስኪነጋ እንይ» የሚባል ነገር የለም። እዚያ ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ስለዚህ ተከትሏችሁ የሚሄድ መኪና ወይም የአካባቢ ሰው ሳይኖር አትሂዱ፤ ስለ መንገዱ ሁኔታም ጎባ ላይ ጠይቁ። አምባው ላይ ስትሆኑ ደግሞ ከመንገዱ አትውጡ፤ ቀይ ቀበሮዋ ያለችው እዚያው ነው።

ከዳገት በኋላ ቁልቁለት አለ፤ በላብ የረጠበ ልብስ ላይ የሳነቴ ንፋስ ሲነፍስ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደረቅ ካናቴራና ጃኬት ቀይሩ፣ ጓንት አድርጉ። ወደ ሪራ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሄልሜታችሁ ታስሮ ይሁን። የፀሐይ ቅባትም አትርሱ፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል።

ቫይታሚኑን ረሳሁት እንዳትሉ። የምግብ እጥረት ወይም የደም ማነስ በምርመራ ካልተገኘ በስተቀር ዳገት የሚያስወጣ ቫይታሚን የለም። የብረት ኪኒንም ሳትመረመሩ አትጀምሩ።

እንዲህ ያለ ጉዞ ያሰባችሁ ካላችሁ ዕድሜያችሁን፣ ያለባችሁን ሕመምና የምትወስዱትን መድኃኒት ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ተራ በተራ እመልሳለሁ። ደረቱን አሁን የያዘው ሰው ካለ ግን ለእኔ አይጻፍ፤ 907 ላይ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ።